የገመድ አያያዝና የስዊቾች ትስስር በመረጃ ማዕከል፦ ሁለት ሥራ ወይስ አንድ ውሳኔ?

አኅጽሮተ ጥናት

በመረጃ ማዕከል ውስጥ ስዊቾች እርስ በርስ የሚተሳሰሩበት ቅርጽና ገመዶች የሚዘረጉበት መንገድ ብዙ ጊዜ በተለያዩ ባለሙያዎችና በተለያየ ጊዜ ይወሰናሉ። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ በአንድነት መወሰን እንዳለባቸው ይከራከራል። ለዚህም ስምንት ራክ ባለው ክፍል ምሳሌ ላይ ስሌት ይሠራል። ዋናው መለኪያ የገመድ ጠቅላላ ብዛት ሳይሆን ከራክ ወደ ራክ የሚሻገረው ገመድ ብዛት እንደሆነ፣ የኔትወርኩም የወደፊት ዕድገት በመጀመሪያው ቀን በተዘረጋው ፋይበር እንደሚወሰን ያሳያል። በመጨረሻም መለያ ጽሑፍና የኤልኤልዲፒ ፕሮቶኮል አንዱ የሌላውን ጉድለት እንዴት እንደሚሞላ ይመረምራል።

ቁልፍ ቃላት፦ የመረጃ ማዕከል፣ ስዊች፣ ሊፍና ስፓይን፣ ኦፕቲካል ፋይበር፣ ስፓኒንግ ትሪ፣ ኤልኤልዲፒ

መግቢያ

በኔትወርክ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ገመድ ማለት ሁለት ሳጥኖችን የሚያገናኝ ቀጭን መስመር ነው። መስመሩ ርዝመትም፣ ውፍረትም፣ ክብደትም የለውም፤ ቢታጠፍ አይጎዳም፤ ከጎኑ ሌላ መቶ መስመር ቢሰመር ቦታ አይጠበውም። በተለምዶ ዳታ ሴንተር በሚባለው የመረጃ ማዕከል ውስጥ ግን እያንዳንዱ መስመር ቦታ ይይዛል፤ የአየር መተላለፊያን ያጠብባል፤ ሁለት ጫፍ ስላለውም ሁለቱም ጫፎች የት እንደገቡ በትክክል የሚያውቅ ሰው ወይም መዝገብ ይፈልጋል።

የሥራ ክፍፍሉም ይህንኑ ልዩነት ሲከተል ይታያል። የስዊቾችን ትስስር የሚነድፈው የኔትወርክ መሐንዲስ ነው፤ ገመዱን የሚዘረጋው ደግሞ በጨረታ የሚመጣ ሥራ ተቋራጭ ነው። መሐንዲሱ የተቋራጩን ሥራ የንጽሕና ጉዳይ አድርጎ ይመለከተዋል፤ ተቋራጩም የመሐንዲሱን ሥዕል የገመድ መቁጠሪያ ዝርዝር አድርጎ ይወስደዋል። ውጤቱ በመጀመሪያው ዓመት አይታወቅም። የሚታወቀው ክፍሉ ሲሰፋ፣ አንድ ስዊች ሲበላሽ፣ ወይም የትኛው ገመድ የትኛውን አገልግሎት እንደሚሸከም ማንም ሳያውቀው አንዱን መንቀል ግድ ሲሆን ነው።

ቅርጹ የጠፋበት ኔትወርክ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2002 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የሚገኘው የቤዝ እስራኤል ዲያኮነስ የሕክምና ማዕከል ኔትወርክ ለቀናት ከአገልግሎት ውጭ ሆነ። ሐኪሞችና ነርሶች የመድኃኒት ትእዛዝና የላቦራቶሪ ውጤት በወረቀት ወደሚተላለፍበት አሠራር ተመለሱ። ሆስፒታሉ ጉዳዩን ሳይደብቅ ለሕዝብ ስላሳወቀ ክስተቱ እስከ ዛሬ ድረስ በኔትወርክ ትምህርት ይጠቀሳል። ችግሩ የተነሣው ከአንድ የተበላሸ ዕቃ አልነበረም። ኔትወርኩ ለዓመታት ስዊች በስዊች ላይ እየተቀጠለ አድጎ ነበር፤ በመጨረሻም ስፓኒንግ ትሪ የተባለው ፕሮቶኮል ሊቆጣጠረው ከሚችለው ርቀት አልፎ ሄደ።

ነገሩን ለመረዳት የኤተርኔትን አንድ ጠባይ ማስታወስ ይበቃል። በሁለተኛው ንብርብር የሚጓዝ የኤተርኔት ፍሬም የዕድሜ ቁጥር የለውም። የአይፒ ፓኬት በየራውተሩ ባለፈ ቁጥር ዕድሜው እየቀነሰ በመጨረሻ ይጣላል፤ ፍሬም ግን በስዊቾች መካከል ቀለበት የሆነ መንገድ ካገኘ መዞሩን አያቆምም። ወደ ሁሉም የሚላክ የብሮድካስት ፍሬም ሲሆን ደግሞ በየስዊቹ እየተባዛ ይዞራል፤ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥም የመስመሮቹን አቅም ይውጣል። ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ ሳለች የነደፈችው ስፓኒንግ ትሪ ይህን ለመከላከል ትርፍ መንገዶችን እየዘጋ ከቀለበት ነጻ የሆነ አንድ ዛፍ ብቻ ይተዋል። ፕሮቶኮሉ በ1990 አይትሪፕልኢ 802.1ዲ በሚል ደረጃ ጸደቀ። በመደበኛ የጊዜ ቅንብሩ ግን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ከሰባት ስዊች በማይበልጥ ኔትወርክ ላይ እንዲሠራ የታሰበ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ስለ ለውጥ የሚነገረው መልእክት በጊዜ አይደርስም፤ ተዘግቶ መቆየት የነበረበት ፖርትም ሊከፈት ይችላል።

ከዚህ ክስተት ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ትምህርት ስለ ፕሮቶኮሉ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ክብደት የሚሰጠው ግን ሌላው ገጽታ ነው። የሰባት ስዊች ወሰን በአንድ ሰው ውሳኔ አልተጣሰም። አዲስ ክፍል ሲከፈት አቅራቢያው ካለው ስዊች አንድ ገመድ መሳብ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ከማዕከሉ አዲስ መስመር መዘርጋት ደግሞ ውድ ነው። እያንዳንዱ ቅጥያ በራሱ ምክንያታዊ ሆኖ ሳለ ድምሩ ማንም ያልነደፈው ቅርጽ ይሆናል። በሌላ አነጋገር የኔትወርኩን ቅርጽ የሚወስነው በሥዕሉ ላይ ያለው ሳይሆን ገመድ በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ ነው።

ሰንሰለት፣ ቁልልና ጥንድ

ስዊቾችን ለማያያዝ በጣም ርካሹ መንገድ ሰንሰለት ነው፦ አንደኛው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው። ስምንት ስዊቾች በሰንሰለት ቢያያዙ ሰባት ገመድ ብቻ ይበቃል፤ ሆኖም ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው የሚሄድ መረጃ ሰባቱንም መስመሮች ያቋርጣል፤ መካከለኛው መስመር የሁሉንም ጭነት ይሸከማል፤ እሱ ሲቋረጥም ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ሰንሰለቱን በስምንተኛ ገመድ ቀለበት ማድረግ የመቋረጡን አደጋ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ትርፉን መንገድ የሚዘጋ ፕሮቶኮል ግድ ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ ቁልል ነው። አምራቾች ብዙ ስዊቾችን በልዩ ገመድ አያይዘው እንደ አንድ መሣሪያ እንዲታዩ ያደርጋሉ። ለቢሮ ፎቅ ይህ ጥሩ መፍትሔ ነው። ለመረጃ ማዕከል ግን አንድ አእምሮ ብዙ አካል እንዲመራ ማድረግ ነውና፣ በብዙ ምርቶች ላይ ሶፍትዌሩ ሲታደስ ወይም ሲበላሽ ቁልሉ በሙሉ አብሮ ይወድቃል። ሁለት ገመድ ወደ ሁለት ስዊች የሳበ ሰርቨር አስተማማኝነት ያገኘ ይመስለዋል፤ ሁለቱ ስዊቾች የአንድ ቁልል አባላት ከሆኑ ግን ያገኘው ከገመድ መበጠስ መከላከልን ብቻ ነው። ሦስተኛው፣ ማለትም ሁለት ስዊቾች የየራሳቸውን አእምሮ ይዘው ለሰርቨሩ ብቻ እንደ አንድ የሚታዩበት ጥንድ፣ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። ዋጋውም በሁለቱ መካከል የሚዘረጋ ተጨማሪ መስመርና ጥንቃቄ የሚሻ ቅንብር ነው።

ሊፍና ስፓይን

ዛሬ በአዳዲስ የመረጃ ማዕከላት የተለመደው ቅርጽ ሥሩ ከኮምፒውተር ኔትወርክ ይቀድማል። ቻርልስ ክሎስ እ.ኤ.አ. በ1953 በቤል ሲስተም ቴክኒካል ጆርናል ባወጣው ጥናት፣ ትልቅ የስልክ ማቀያየሪያ ከብዙ ትናንሽ ማቀያየሪያዎች በደረጃ ሊገነባ እንደሚችል አሳየ። በኋላ ሐሳቡ ወደ መረጃ ማዕከል ሲገባ ሰርቨሮች የሚሰኩባቸው ስዊቾች ሊፍ፣ ማለትም ቅጠል፣ እነርሱን የሚያገናኙት ደግሞ ስፓይን፣ ማለትም አከርካሪ፣ ተባሉ። ደንቡ አጭር ነው፦ እያንዳንዱ ሊፍ ከእያንዳንዱ ስፓይን ጋር ይገናኛል፤ ሊፍ ከሊፍ፣ ስፓይንም ከስፓይን ጋር አይገናኝም። በዚህም ከየትኛውም ሊፍ ወደ የትኛውም ሊፍ የሚሄድ መረጃ ምንጊዜም አንድ ስፓይን ብቻ ያልፋል። መስመሮቹ በሦስተኛው ንብርብር ራውት ሲደረጉ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ ይውላሉ፤ ስፓኒንግ ትሪ የሚዘጋው ትርፍ መንገድ የለም።

የዚህ ውበት ዋጋ ገመድ ነው። አል ፋሬስ፣ ሉኪሳስና ቫህዳት እ.ኤ.አ. በ2008 ባቀረቡት ታዋቂ ጥናት ባለ 48 ፖርት ተራ ስዊቾችን ብቻ በመጠቀም 27,648 ሰርቨሮችን ያለ አቅም ቅነሳ ማገናኘት እንደሚቻል አሳይተዋል። ለዚህ 2,880 ስዊቾች ያስፈልጋሉ። ገመዱ ሲቆጠር ደግሞ ከሰርቨር ወደ ስዊች 27,648፣ በስዊቾች መካከል 55,296፣ በድምሩ 82,944 ይሆናል። ተመራማሪዎቹ የገመዱ ብዛት የንድፉ ድክመት እንደሆነ ተቀብለው ስዊቾች በቦታ እንዴት ቢቀመጡ እንደሚሻል በጥናታቸው ውስጥ አካተዋል። ጉግል በ2015 ስለ ራሱ የመረጃ ማዕከል ኔትወርክ ባሳተመው ጥናትም፣ ዎችታወር በተባለው ትውልድ ላይ ፋይበሮችን አስቀድሞ በጥቅል አዘጋጅቶ መዘርጋት የፋይበርን ወጪ ወደ 40 በመቶ ያህል እንደቀነሰና የኔትወርኩን ግንባታ በሳምንታት እንዳፋጠነ ተገልጿል። ከቅርጹ ባልተናነሰ የገመዱ አዘረጋግ ተጠንቷል ማለት ነው።

የስምንት ራክ ስሌት

እነዚህ ቁጥሮች ለዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ክፍል የማይመለከቱት ሊመስሉ ይችላሉ። አለመሆናቸውን ለማየት በአንድ ረድፍ የቆሙ ስምንት ራኮች ያሉበትን ክፍል በምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በእያንዳንዱ ራክ 20 ሰርቨሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ሰርቨር በሴኮንድ 10 ጊጋቢት የሚያስተላልፉ ሁለት ፖርቶች አሉት። በድምሩ 160 ሰርቨሮችና 320 የሰርቨር መስመሮች ማለት ነው።

የመጀመሪያው አማራጭ የረድፍ መጨረሻ አሠራር ነው። ሁለት ትልልቅ ስዊቾች በረድፉ ጫፍ በሚቆም ዘጠነኛ ራክ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ 320ዎቹም ገመዶች ከየራካቸው ወጥተው ወደዚያ ይሄዳሉ። ገመዱ ካቴጎሪ 6ኤ መዳብ ከሆነ የአንዱ ውፍረት በግምት 7.5 ሚሊ ሜትር ነው። የ320 ገመዶች ስፋት ተደምሮ 141 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የገመድ መሄጃ ትሬይ ከግማሽ በላይ እንዳይሞላ የሚለው የተለመደ መመሪያ ከተጠበቀ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትሬይ ከ9 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት ያስፈልገዋል፤ ያም ገና በመጀመሪያው ቀን ወሰኑ ላይ ደርሶ ነው። ዘጠነኛው ራክ ውስጥም ባለ 48 ፖርት ፓች ፓኔል ሰባት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው አማራጭ በእያንዳንዱ ራክ አናት ሁለት ሊፍ ማስቀመጥ ነው። እያንዳንዱ ሊፍ 48 የ10 ጊጋቢት ፖርቶችና ስድስት የ100 ጊጋቢት ወደ ላይ መውጫዎች ቢኖሩት፣ ሁለት ስፓይኖችም ቢተከሉ፣ ከራክ ወደ ራክ የሚሻገረው መስመር 16 ሊፍ በሁለት ስፓይን ተባዝቶ 32 ብቻ ነው። የሰርቨሮቹ 320 ገመዶች አሁንም አሉ፤ ነገር ግን ከአንድ እስከ ሦስት ሜትር የሚረዝሙና ከራካቸው የማይወጡ ናቸው። ጠቅላላ ድምሩ 352 ሆኖ ከመጀመሪያው አማራጭ በልጧል። የሚሻገረው ግን በአሥር እጥፍ ቀንሷል።

በራክ ውስጥ ያለ ገመድ ሁለቱም ጫፎቹ ለአንድ ቆሞ ለሚሠራ ባለሙያ ይታያሉ፤ ከተሳሳተ በደቂቃ ይታረማል፤ ሰርቨሩ ሲነሣም አብሮ ይነሣል። የሚሻገር ገመድ ግን ሁለት ጫፎቹ በአንድ ጊዜ አይታዩም፤ በትሬይ ውስጥ ከሌሎች ጋር ይደበላለቃል፤ ለማስወገድም ሌሎችን መነካካት ይጠይቃል። ስለዚህ የገመድ አያያዝ ጭነት በዋነኛነት በሚሻገሩት ገመዶች ላይ ይወድቃል፤ ይህን ቁጥር የሚወስነው ደግሞ የስዊቾቹ ትስስር ነው። ለሁለተኛው አማራጭ የሚከፈለው ዋጋ ግልጽ ነው፦ ሁለት በነበሩበት ቦታ 18 ስዊቾች ማስተዳደር። ሰርቨሮች ለዓመታት በማይቀያየሩበትና ራኮቹ ሁለት ወይም ሦስት በሆኑበት ክፍል የመጀመሪያው አማራጭ አሁንም ተመራጭ ሊሆን ይችላል። ለስምንት ራክ ግን ሁለተኛውን የሚመርጥ መሐንዲስ በቂ ምክንያት አለው።

የአቅም ጥምርታውም ከዚሁ ይወጣል። ከአንድ ሊፍ በታች 20 መስመሮች 200 ጊጋቢት ያመጣሉ፤ ወደ ላይ ሁለት መስመሮች 200 ጊጋቢት ይወስዳሉ፤ ጥምርታው አንድ ለአንድ ነው። ሁሉም 48 ፖርቶች ቢሞሉ 480 ለ200፣ ማለትም 2.4 ለ1 ይሆናል። አንድ ስፓይን ለጥገና ሲነሣ የወደ ላይ አቅሙ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስፓይኖቹ አራት ቢሆኑ ኖሮ የሚቀንሰው ሩብ ብቻ ነበር። ሁለቱን ስፓይኖች በአንድ ራክ ውስጥ ማስቀመጥ ግን ገመድ ለመቆጠብ ሲባል የሚፈጸም የተለመደ ስሕተት ነው፤ የዚያ ራክ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉና። በረድፉ መሐል ባሉት በአራተኛውና በአምስተኛው ራክ ቢከፋፈሉ የገመዱ ርዝመትም ያጥራል።

ዕድገት ሲታሰብ ሁለት ዓይነት ጭማሪ አለ፤ ክብደታቸውም እኩል አይደለም። አዲስ ራክ መጨመር አራት አዲስ መስመር ብቻ ይጠይቃል፤ ስፓይኖቹ ባለ 32 ፖርት ከሆኑ እስከ 16 ራክ ድረስ ይቻላል። አዲስ ስፓይን መጨመር ግን ከ16ቱም ሊፎች አንድ አንድ መስመር ስለሚጠይቅ ሁሉንም ራኮች ይነካል። ኔትወርኩ ሥራ ላይ ሳለ በስምንት ራክ ላይ ትሬይ መክፈትና ገመድ መጎተት ብዙ ተቋማት የማይደፍሩት ሥራ ነው፤ በዚህ ምክንያት በንድፍ ደረጃ የሚሰፋ የነበረ ኔትወርክ በተግባር እንደተወለደ ይቀራል።

መፍትሔው በመጀመሪያው ቀን የሚወሰን ነው። ከእያንዳንዱ ራክ ወደ ስፓይኖቹ አካባቢ 24 ፋይበር የያዘ አንድ ወፍራም ገመድ ተዘርግቶ በሁለቱም ጫፍ በፓች ፓኔል ላይ ይቋጫል። አንድ መስመር ሁለት ፋይበር የሚጠቀም ከሆነ 24 ፋይበር 12 መስመር ይሰጣል፤ ይህም ሁለት ሊፍ እያንዳንዳቸው ባላቸው ስድስት መውጫ ልክ ነው። ዛሬ አራቱ መስመሮች ብቻ ይሠራሉ፤ ስምንቱ ይጠብቃሉ። ወደፊት ስፓይን ሲጨመር ትሬይ አይከፈትም፤ በፓኔሉ ላይ አጭር ገመድ መሰካት ብቻ ይበቃል። በትሬዩ ውስጥም የሚያልፉት ስምንት ገመዶች ብቻ ናቸው።

የፋይበር ምርጫ

ይህ ስሌት የሚሠራው መስመሩ ሁለት ፋይበር ሲጠቀም ነው። በመልቲሞድ ፋይበር ላይ የሚሠራው 100ጂቤዝ ኤስአር4 የተባለው ትራንሲቨር በአንድ መስመር ስምንት ፋይበር ይጠቀማል፤ አራት ለመላክ፣ አራት ለመቀበል። በዚህ ዓይነት የክፍሉ 32 መስመሮች 64 ሳይሆን 256 ፋይበር ይፈልጋሉ፤ 24 ፋይበር ያለው ገመድም ሦስት መስመር ብቻ ይሰጣል። ትራንሲቨሩ ርካሽ ሲሆን የገመዱ ሒሳብ ይወደዳል። ርቀቱም ውሱን ነው፦ በኦኤም3 ፋይበር 70 ሜትር፣ በኦኤም4 100 ሜትር። በሲንግልሞድ ፋይበር የሚሠሩ ባለ ሁለት ፋይበር ትራንሲቨሮች ዋጋቸው ከፍ ያለ ቢሆንም፣ ፍጥነቱ ወደ 400 ጊጋቢት ሲያድግ የተዘረጋውን ፋይበር ሳይቀይሩ ጫፎቹን ብቻ መለወጥ ያስችላሉ። ዕቃ በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበትና ግዢ ወራት በሚፈጅበት አገር ይህ ልዩነት ትርጉም አለው። ትራንሲቨር በኪስ ይገባል፤ ትሬይ ውስጥ ያለ ፋይበር ግን ከክፍሉ ጋር ይኖራል።

በራክ ውስጥ ላሉት አጫጭር መስመሮች ከሁለቱ ጫፎቹ ጋር ተገጥሞ የሚመጣው የዲኤሲ መዳብ ገመድ ይበቃል፤ ለ10 ጊጋቢት እስከ 7 ሜትር ያገለግላል፤ የሚፈጀውም ኃይል ጥቂት ነው።

በትሬይና በራክ ውስጥ

የመዳብ ጥንድ ገመድ የመታጠፊያ ራዲየስ ከውፍረቱ አራት እጥፍ እንዳያንስ ይመከራል፤ ለካቴጎሪ 6ኤ ይህ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ፋይበር በሚሳብበት ጊዜ 20 እጥፍ፣ ከተቀመጠ በኋላ 10 እጥፍ ያስፈልገዋል። የፕላስቲክ ማሰሪያ በኃይል ሲጠብቅ የመዳብ ጥንዶችን ያዛባል፤ ፋይበርንም ይጫናል፤ ስለዚህ ደጋግሞ የሚፈታው ቬልክሮ ይመረጣል። ምክንያቱ ጉዳት መከላከል ብቻ አይደለም። በፕላስቲክ የታሰረ ጥቅል ለመለወጥ መቁረጫ ይጠይቃል፤ መቁረጫ ደግሞ በሚሠራ ገመድ አጠገብ መግባት የለበትም። አስቸጋሪ የሆነ ጥቅል ማንም አይፈታውም፤ አዲሱ ገመድ በላዩ ላይ ይጋደማል።

አቧራም ችላ የሚባል ጠላት ነው። የሲንግልሞድ ፋይበር ብርሃን የሚያልፍበት እምብርት 9 ማይክሮ ሜትር ገደማ ስለሆነ በዓይን የማይታይ ብናኝ ሊጋርደው ይችላል። ያልተሰካ ፖርትና ያልተሰካ ጫፍ ክዳኑ ሊነሣ አይገባም፤ ከመሰካት በፊትም በአጉሊ መነጽር ማየትና ማጽዳት የሥራው አካል ነው። በራኩ ጀርባ የተንዠረገገ ገመድ ደግሞ የሰርቨሮቹን ሙቅ አየር መውጫ ይዘጋል። ስዊቹ ራሱ አየር የሚስበው ከፖርቶቹ በኩል ነው ወይስ ከኃይል መስጫው በኩል የሚለው ሲገዛ መታየት አለበት፤ በተሳሳተ አቅጣጫ የተገጠመ ስዊች ከሰርቨሮቹ የወጣውን ሙቅ አየር መልሶ ይስባልና።

የሚሠራ ስሕተት

ከገመድ ስሕተቶች ሁሉ አደገኛው የሚሠራው ነው። በምሳሌው ክፍል ውስጥ የአንድ ሊፍ ሁለት መውጫዎች አንዱ ወደ ስፓይን አንድ፣ ሌላው ወደ ስፓይን ሁለት መሄድ ነበረባቸው እንበል፤ በስሕተት ሁለቱም ወደ ስፓይን አንድ ተሰክተዋል። መብራቶቹ አረንጓዴ ናቸው፤ አቅሙም 200 ጊጋቢት ነው፤ ምንም ማስጠንቀቂያ አይወጣም። ከወራት በኋላ ስፓይን አንድ ለጥገና ሲጠፋ ሊፉ ከተቀረው ኔትወርክ ይቆረጣል። ሰርቨሮቹ ወደ ሊፉ ያላቸው መስመር ግን ስላልተቋረጠ ይህን አያውቁም፤ ከመረጃቸው ከፊሉን ወደ ጠፋ መንገድ መላክ ይቀጥላሉ። ተጠቃሚው የሚያየው አንዳንድ ገጽ ሲከፈትለት አንዳንዱ ሲቀር ነው። ጥገናውን የሚሠራው ባለሙያ ደግሞ ትርፍ መንገድ እንዳለ አምኖ፣ ችግሩን ከሰርቨሮቹ ወይም ከሶፍትዌሩ ሲፈልግ ሰዓታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ይህን የሚይዘው ምንድን ነው? መለያ ጽሑፍ አንዱ መሣሪያ ነው። የቲአይኤ 606 ደረጃ በገመዱ ሁለቱም ጫፍ መለያ እንዲኖርና መለያው ከመዝገብ ጋር እንዲመሳከር ይጠይቃል። ጥሩ መለያ ቦታን ይናገራል፦ የረድፍ፣ የራክ፣ በራኩ ውስጥ ያለውን ከፍታና የፖርቱን ቁጥር፣ የዚህኛውንና የዚያኛውን ጫፍ። የአገልግሎትን ስም፣ ለምሳሌ የሬጅስትራር ሰርቨር የሚል፣ የያዘ መለያ ሰርቨሩ ሥራውን ሲቀይር ሐሰተኛ ይሆናል፤ ሐሰተኛ መለያ ደግሞ መለያ ከሌለው ገመድ የባሰ ነው። ይሁን እንጂ ትክክለኛው መለያም ቢሆን የሚናገረው ሠራተኛው በዚያ ቀን ያሰበውን ነው። መለያው ትክክል ሆኖ ጫፉ በአጠገቡ ባለው ፖርት ሊሰካ ይችላል።

ሁለተኛው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2005 አይትሪፕልኢ 802.1ኤቢ ተብሎ የጸደቀው የኤልኤልዲፒ ፕሮቶኮል ነው። እያንዳንዱ ስዊች በተለመደው ቅንብር በየ30 ሰከንዱ ስሙንና የፖርቱን መለያ ለጎረቤቱ ያሳውቃል። ከሁሉም ስዊቾች ይህን መረጃ ሰብስቦ ከንድፉ ሠንጠረዥ ጋር የሚያነጻጽር አጭር ፕሮግራም መጻፍ ለማንኛውም የማስተርስ ተማሪ የሚከብድ አይደለም፤ ከላይ የተገለጸውን ስሕተትም በዚያው ቀን ያወጣዋል። ጉግል ከላይ በተጠቀሰው ጥናት የገለጸውም የራሱ የጎረቤት መለያ ፕሮቶኮል ትክክለኛው ጎረቤት በትክክለኛው ፖርት ላይ መሆኑን ኔትወርኩ እየሠራ ሳለ እንደሚያጣራ ነው።

ታዲያ ኤልኤልዲፒ ካለ መለያ ለምን ያስፈልጋል? ምክንያቱም ኤልኤልዲፒ የሚያየው መናገር የሚችሉ ጫፎችን ብቻ ነው። ፓች ፓኔል ኃይል የለውም፤ አይናገርም። ፕሮግራሙ ሊፍ ሦስት ከስፓይን አንድ ጋር መገናኘቱን ያረጋግጣል፤ መስመሩ በየትኛው ፓኔል፣ በስንተኛው ፋይበር እንዳለፈ ግን አያውቅም። መስመሩ የተቋረጠ ዕለት ደግሞ ኤልኤልዲፒ ጨርሶ ዝም ይላል፤ ባለሙያው በእጁ የሚቀረው መለያውና መዝገቡ ነው። የተዘረጋው ነገር ግን ገና ያልተሰካው ስምንት መስመርም የሚታወቀው በመዝገብ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ሌላውን አይተካም፦ ኤልኤልዲፒ አሁን ያለውን ሎጂካዊ ትስስር ይመሰክራል፤ መለያው አካላዊውን መንገድ ይይዛል። መዝገቡ እውነተኛ ሆኖ የሚቆየው ሁለቱ በየጊዜው ሲመሳከሩ ነው።

የኤሌክትሪክ መቆራረጥ ባለበት አካባቢ ይህ ምርመራ አንድ ተጨማሪ ጊዜ ያስፈልገዋል፦ ኃይል ከተመለሰ በኋላ። ሁሉም ስዊቾች በአንድ ጊዜ ሲነሡ ሳይቀመጥ የቀረ ቅንብር ይጠፋል፤ በችኮላ የተሰካ ጊዜያዊ ገመድም ያኔ ቀለበት ሊፈጥር ይችላል።

የተተወ ገመድ

ገመድ ሲገባ በጀት አለው፤ ሲወጣ ግን የለውም። አገልግሎቱ ያበቃ ገመድ የሁለቱ ጫፎቹ ማንነት ስለማይታወቅ ይተዋል፤ ትሬዩ ሲሞላም አዲስ ትሬይ ይጠየቃል። በአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ ከ2002 እትሙ ጀምሮ ተደራሽ የሆነ የተተወ ገመድ እንዲወገድ ያስገድዳል፤ ምክንያቱም የፕላስቲክ ሽፋኑ በእሳት ጊዜ ነዳጅና ጭስ ይሆናል። የሚሻገሩ ገመዶች 320 በሆኑበት ክፍል ይህን መፈጸም የሳምንታት ሥራ ነው፤ አንድ ስሕተትም የሚሠራ ሰርቨር ሊያቋርጥ ይችላል። ስምንት ወፍራም ገመዶች ብቻ በሚሻገሩበት ክፍል ግን ሥራው በአብዛኛው በራክ ውስጥ ይቀራል፦ ሰርቨሩን የሚያነሣው ሰው ሁለቱን አጫጭር ገመዶች አብሮ ያወጣል፤ በመዝገቡም ላይ ሁለት መስመር ይሰርዛል። ከዚያ ባሻገር ያለው ትሬይ አይነካም።